ዶሮ ላስታቅፍ ወይስ ማሽን ልግዛ? ጫጩት በቤት ለማስፈልፈል የንጽጽር መመሪያ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። «48 እንቁላል የሚይዝ መፈልፈያ ማሽን አግኝቻለሁ። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ። «እንቁላሉን ከየት ልታመጪ ነው?» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «ከሱቅ ነዋ!» አለች።

እሷ ብቻ አይደለችም። ጫጩት በቤት ማስፈልፈል የሚያምረን ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከዕቃው ነው። ዋጋው ስንት ነው? ስንት እንቁላል ይይዛል? ራሱ ይገለብጣል? ሻጩም የሚያወራው ስለዚህ ነው። ጫጩቱ ከወጣ በኋላ ማን ሥር እንደሚያድር ግን የሚጠይቅ የለም።

እኔ ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት፣ ዶሮ ሲታቀፍ እያየሁ ነው ያደግሁት። አዲስ አበባ ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ማሽን ገዝቼ አራት ዓመት ሠርቼበታለሁ። በሁለቱም ጫጩት አውጥቻለሁ፣ በሁለቱም ከስሬአለሁ። ስለዚህ የትኛው ማሽን ይሻላል የሚለውን ለሻጮቹ ትቼ፣ የትኛው መንገድ ለማን እንደሚሆን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መመዘኛው

ከሁሉ በፊት የሚመጣው እንቁላሉ ነው። ጫጩት የሚወጣው ከለም እንቁላል፣ ማለትም ከአውራ ዶሮ ጋር ከምትውል ዶሮ ከተገኘ እንቁላል ብቻ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው የፈረንጅ እንቁላል አብዛኛው አውራ ዶሮ ከሌለበት የእንቁላል እርባታ የሚመጣ ነው። 21 ቀን ቢሞቅ ይገማል እንጂ አይፈለፈልም። ቤታችሁ ውስጥ ለ8 ወይም ለ10 ዶሮ አንድ ጤነኛ አውራ ዶሮ ካለ ይህ ጥያቄ ተመልሷል። ከሌለ፣ አውራ ዶሮ ያለው ጎረቤት ወይም ዘመድ ፈልጉ። አንድ ነገር ልጨምር፤ እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉት ብዙ እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎች ድቅል ናቸው። አውራ ዶሮ አግኝተው ጫጩት ቢሰጧችሁም ልጆቹ እንደ እናታቸው ይጥላሉ ብላችሁ አትጠብቁ።

ሁለተኛው ስንት ጫጩት እንደምትፈልጉ ነው። 10 እና 50 የተለያየ ሥራ ነው። ከሚወጡት ግማሽ ያህሉ ወንድ እንደሚሆንም አስሉ። 10 እንቁላል ጣይ የሚፈልግ ሰው 10 ሳይሆን ወደ 25 ጫጩት ነው የሚያስፈልገው፤ የሚሞት አይጠፋምና።

ሦስተኛው መብራት ነው። ሰፈራችሁ በሳምንት ስንት ጊዜ ይጠፋል? ስንት ሰዓት ይቆያል? ይህን በግምት ሳይሆን ለሁለት ሳምንት በወረቀት መዝግቡት።

አራተኛው ቤት የሚውል ሰው መኖሩ ነው። አምስተኛው፣ እኔ ከሁሉ በላይ የማየው፣ ከ21ኛው ቀን በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ጫጩት የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። የሚያሞቀው እናት ወይም ሌላ ነገር ይፈልጋል። የመጨረሻው ዋጋ ነው፤ የማሽኑ ዋጋ ሳይሆን በሕይወት ያደገ የአንድ ጫጩት ዋጋ።

ታቃፊ ዶሮ

የሀበሻ ዶሮ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት። አንድ ዙር፣ 12 ወይም 15 እንቁላል ከጣለች በኋላ መታቀፍ ያምራታል። ምልክቱን ማንም ያውቀዋል። ከጎጆዋ አልነሳም ትላለች። እጃችሁን ስትሰዱ ላባዋን ትነፋለች፣ ድምፅዋ ይወፍራል፣ ትነክሳለች። ከሆዷ ሥር እጃችሁን ብታስገቡ ላባው የሳሳ፣ ትኩሳት እንዳለበት ሰው ግንባር የሚሞቅ ቆዳ ታገኛላችሁ። ማሽኑ ሊመስል የሚሞክረው ያንን ቆዳ ነው።

የፈረንጅ ዶሮ ይህን ጠባይ እንድታጣ ሆና ነው የተዳቀለችው። እሷን አስታቅፋለሁ ብላችሁ አትድከሙ።

እናቴ ዶሮ ስታስታቅፍ አትቸኩልም ነበር። መጀመሪያ ሁለት ሌሊት በሁለት ተራ እንቁላል ትፈትናታለች። ዶሮዋ ጸንታ ከተቀመጠች፣ በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ከጨለመ በኋላ፣ ዋናዎቹን እንቁላሎች በቀስታ ታስገባላታለች። ቀን ወደ ሌላ ጎጆ የተዛወረች ዶሮ ወደ ድሮ ቦታዋ መመለስ ትፈልጋለች፣ ማታ ከሆነ ግን አዲሱን ትቀበለዋለች። ቦታው ጨለም ያለ፣ እርጥበት የሌለው፣ ሌሎች ዶሮዎች የማይደርሱበት ጥግ ነበር። ሰፊ ቅርጫት ውስጥ የጤፍ ጭድ፣ መካከሉ ትንሽ ጎድጎድ ያለ። ከጭዱ በፊት ከሥር አመድ ትነሰንስ ነበር፣ ለቅማልና ለቁንጫ። ይህን የመጨረሻውን አትዝለሉት። ቅማል የበዛባት ዶሮ በ15ኛው ቀን ጥላው ትነሳለች፣ ያኔ እንቁላሉ ሁሉ ይበላሻል።

ስንት እንቁላል? ለአንድ የሀበሻ ዶሮ ከ10 እስከ 13። እንደ ኮይኮይክ ካለ የውጭ ዝርያ የተገኘ ትልቅ እንቁላል ከሆነ 8 ወይም 9 ይበቃል። ጠርዝ ላይ የቀረ እንቁላል ይበርዳል። ዶሮዋ እየገለበጠች ቦታ ስለምትለዋውጠው ደግሞ አንዱ ብቻ ሳይሆን በየተራው ብዙው ይበርዳል። ስስት እዚህ ላይ ያከስራል። በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ሌላ ዶሮ መጥታ ብትጥልበት ምልክት የሌለበትን ለይታችሁ ታወጡታላችሁ።

በቀን አንዴ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ትነሳለች። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ኩሷን ትጥላለች፣ አፈር ትታጠባለች። አትደንግጡ፤ ያ ቅዝቃዜ እንቁላሉን አይጎዳውም። በቆሎ ወይም ስንዴና ንጹሕ ውሃ በቅርብ አስቀምጡላት። አልነሳም የምትል ካለች እናንተ አንሷት፣ ከስታ እንዳታልቅ።

ጥሩ እንቁላልና ልምድ ያላት ዶሮ ከሆነች ከ10 እንቁላል 8 ጫጩት ብርቅ አይደለም። በዚህ ከብዙ ትንንሽ ማሽኖች ትበልጣለች። መብራት አይጠፋባትም። እርጥበት አትለኩላትም። ጫጩቱ ሲወጣ ደግሞ ሙቀቱ፣ ምግብ ፍለጋው፣ ጭልፊት ሲመጣ መደበቁ፣ ሁሉም ከእሷ ጋር ነው።

ድክመቷም ግልጽ ነው። እናንተ ስትፈልጉ ሳይሆን እሷ ስትፈልግ ነው የምትታቀፈው። ከ12 ወይም ከ13 እንቁላል በላይ አትይዝም። ታቅፋ ጫጩት እያሳደገች እስከ ሦስት ወር ድረስ እንቁላል አትጥልም። ይህ እንቁላል የዋጋዋ ትልቁ ክፍል ነው፤ ሰው ግን አያስበውም። ከሁሉ የከፋው፣ ጫጩቶቿን ይዛ ሜዳ ላይ ከዋለች ሁለት ወር ሳይሞላ ግማሹን ጭልፊት፣ ድመት፣ ብርድና በሽታ ሊጨርሰው ይችላል። ሸለምጥማጥ ከገባ ደግሞ እናቲቱም አትተርፍ። መፍትሔው ከባድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን 3 ወይም 4 ሳምንታት እናትና ልጆችን በትልቅ ቅርጫት ወይም በሽቦ በታጠረ ቦታ ማዋል ነው። መኖ ታወጣላችሁ፣ ጫጩት ታተርፋላችሁ።

ወቅትም አለው። ክረምት ላይ ጭቃው፣ ብርዱና እርጥበቱ ለጫጩት መጥፎ ነው። የገጠር እናቶች ከመኸር በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ማስታቀፍ የሚመርጡት በምክንያት ነው። ፀሐይ አለ፣ ፍርፋሪ እህል አለ። መስከረም 30 ያስታቀፋችሁት ጥቅምት 21 ይፈለፈላል። ወንዶቹ ለፋሲካ የስድስት ወር አካባቢ ይሆናሉ።

ትንሹ የኤሌክትሪክ ማሽን

ማሽን ማለት በቁጥጥር ስር ያለ ሙቀት፣ እርጥበት፣ አየርና መገልበጥ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም። ማራገቢያ ባለው ማሽን ሙቀቱ ወደ 37.5 ዲግሪ ይሁን። ማራገቢያ በሌለው ላይ፣ ቴርሞሜትሩ በእንቁላሉ አናት ልክ ተቀምጦ፣ ወደ 38.5 ዲግሪ። እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን ከ45 እስከ 55 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ከ65 በመቶ በላይ። እስከ 18ኛው ቀን በየቀኑ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መገልበጥ። ከዚያ በኋላ መገልበጡ ይቆማል፣ ክዳኑም አይከፈትም።

ገበያ ላይ ያሉት በሁለት ይከፈላሉ። ርካሹ በእጅ የሚገለበጥ ነው፣ ብዙ ጊዜ ማራገቢያ የለውም። ሌላው ራሱ የሚገለብጥ ነው። ሥራ ወጥታችሁ የምትውሉ ከሆነ ስለ መጀመሪያው አታስቡ። በእጅ መገለበጥ አንድ ቀን ይረሳል፣ ሁለት ቀን ይረሳል፣ ከዚያ ፅንሱ ቅርፊቱ ላይ ተጣብቆ ይሞታል። ለማራገቢያና ለራሱ ገልባጭ የምትጨምሩት ገንዘብ አይቆጭም። ለቆንጆ የመብራት ማሳያ፣ ለሚጮህ ደወልና ለመሳሰለው ግን አትክፈሉ። ይልቅ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ከባትሪ ጋር ይሠራል ወይ? መለዋወጫ እዚሁ አገር ይገኛል ወይ?

የማሽኑን ቁጥር ሙሉ በሙሉ አትመኑ። 37.5 ይላል፤ ውስጡ ግን 36.5 ወይም 38.5 ሊሆን ይችላል። የፈላ ውሃ ውስጥ ከትቶ ማረጋገጥ የሚባለው ዘዴ አዲስ አበባ ላይ ያሳስታል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን ውሃ የሚፈላው 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እኔ የማደርገው ይህን ነው። ከፋርማሲ ዲጂታል የትኩሳት መለኪያ እገዛለሁ። የማሽኑን መለኪያና እሱን አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ላይ እከታለሁ። የትኩሳት መለኪያ የተሠራው በትክክል እኛ በምንፈልገው ሙቀት ላይ እንዲያነብ ነው። ልዩነቱን በወረቀት ጽፌ ማሽኑ ላይ እለጥፋለሁ። በመጀመሪያው ዙር ይህን ባለማድረጌ ጫጩቶቹ በ23ኛው ቀን ነበር የወጡት፣ ያውም ደካማ ሆነው።

ደጋ ላይ ሌላም ጉዳይ አለ። አየሩ ስስ ነው፣ ኦክስጅኑም ያንሳል። እንቁላሉ ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ ይተናል። በበጋ ደረቅ አየር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ የውሃ ገንዳው እንዳይደርቅ በየቀኑ ማየት ያስፈልጋል። ከሁሉ የተሻለው ማረጋገጫ ሚዛን ነው። እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን ከክብደቱ 13 በመቶ ያህል መቀነስ አለበት። ሲገባ 40 ግራም የነበረ የሀበሻ እንቁላል ወደ 35 ግራም ከወረደ ልክ ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ውሃ ጨምሩ፣ ካልቀነሰ ውሃ አሳንሱ። እንቁላሉም ከቆላ ከሚመጣ እዚያው በአካባቢያችሁ ከፍታ ከሚኖሩ ዶሮዎች ቢሆን ይመረጣል።

እንቁላሉን አትጠቡት። የላዩ ስስ ሽፋን ከታጠበ ጀርም ይገባል። ከ7 ቀን በላይ የቆየ አታስገቡ። ቀጭኑን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ በቀዝቃዛ ቦታ አቆዩት፤ ፍሪጅ ውስጥ ግን አይደለም። በታክሲ ወይም በአውቶቡስ ተንገላትቶ ከመጣ አንድ ሌሊት ይረፍ።

በ7ኛው ቀን ማታ መብራት አጥፉና የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ከወፍራሙ ጫፍ ሥር ያዙ። ሕይወት ያለው እንቁላል ውስጡ ቀይ ሆኖ፣ ከአንድ ጥቁር ነጥብ ዙሪያ እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ። ነጥቡ አንዳንዴ ይንቀሳቀሳል። ልጆቼን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳሳያቸው ትንሿ ልጄ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ምንም የሌለው እንቁላል ጥርት ብሎ ቢጫ ያበራል፤ አውጡት። ቀይ ቀለበት ብቻ የሚታይበት ደግሞ ጀምሮ የሞተ ነው፤ እሱም ይውጣ። ከቆየ ይገማል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

አሁን ወደ መብራት። 80 ዋት የሚል ማሽን ግማሹን ጊዜ ቢሠራ በ21 ቀን ወደ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ሂሳቡ አያስፈራም። የሚያስፈራው መጥፋቱ ነው። እንቁላል ግን ሰው ከሚያስበው በላይ ቅዝቃዜ ይችላል። ሁለት ሦስት ሰዓት ቢጠፋ ክዳኑን አትክፈቱ፣ ብቻ ጠብቁ። ከረዘመ ሙቅ ውሃ የያዙ ጠርሙሶችን አጠገቡ አስቀምጡና ብርድ ልብስ አልብሱት። የሚገድለው ይልቅ ሙቀት ነው። ከ40 ዲግሪ በላይ ለአጭር ጊዜም ቢሆን ከቆየ ፅንሱ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ማሽኑን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር አታስቀምጡት።

ብርድ ልብስ ስል አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሁለተኛው ዓመት፣ በ20ኛው ቀን ሌሊት መብራት ጠፋ። ጫጩቶቹ ከቅርፊቱ ውስጥ ሲጮሁ ይሰማል። ደንግጬ ማሽኑን በጋቢ ጥቅልል አደረግሁት። ሌሊቱን ሙሉ እየተነሳሁ ጋቢውን እያስተካከልኩ አደርኩ። ጠዋት ስከፍተው እንቁላሎቹ ሞቅ እንዳሉ ናቸው፤ ቅርፊታቸውን የበሱት 11 ጫጩቶች ግን ሞተዋል። ብርድ አልነበረም የገደላቸው። የአየር ቀዳዳዎቹን በጋቢው ደፍኜባቸው ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት ጫጩት በሳንባው መተንፈስ ይጀምራል፣ አየር በጣም ይፈልጋል። ጎንና ጎኑን ሸፍኑ፣ ቀዳዳውን ክፍት ተዉት። እስካሁን ያን ጠዋት ሳስበው ያመኛል።

ቅርፊቱን ከበሳ በኋላ ሙሉ በሙሉ ለመውጣት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይፈጅበታል። ልርዳው ብላችሁ አትላጡት። የደም ሥሩ ካልደረቀ ይደማል። ክዳኑን ከፍታችሁ ባያችሁ ቁጥር እርጥበቱ ይወጣል፣ የሌሎቹ ስስ ቆዳ ይደርቅና ይይዛቸዋል። የወጣው ጫጩት አስኳሉን በሆዱ ይዞ ስለሚወጣ እስከ 48 ሰዓት ሳይበላ ሳይጠጣ መቆየት ይችላል። እስኪደርቅ እዚያው ይቆይ።

ከዚህ በኋላ የማሽኑ ሥራ አለቀ፣ የእናንተ ተጀመረ። ማሽን ይፈለፍላል እንጂ አያሳድግም። የመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ወደ 3 ዲግሪ እየቀነሰ ሙቀት ያስፈልጋል። የድሮው አምፖል ያሞቅ ነበር፤ የአሁኑ ኤልኢዲ ግን ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጥም። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማንደድ ጫጩቱንም ሰውንም ይገድላል፤ እባካችሁ አታድርጉት። ለትንሽ መንጋ የሚሆነው ሄይ ቦክስ የሚባለው በጭድ የታሸገ ሳጥን ነው። በውጩና በውስጡ ሳጥን መካከል ጭድ ይጠቀጠቃል፣ ከላይ አየር የሚያስገባ የጭድ ትራስ ይደፋበታል። ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት ይሞቃሉ። መብራት አይጠይቅም፣ ማንም አናጺ ይሠራዋል። ደጋ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሙቅ ውሃ በያዘ ጠርሙስ ማገዝ ጥሩ ነው።

በአምፖል የሚሠራ ሳጥን

ካርቶን ወይም የተበላሸ ፍሪጅ፣ አምፖል፣ ሙቀት መቆጣጠሪያና የኮምፒውተር ማራገቢያ። ኤሌክትሪክ የሚገባው ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ጥሩ ትምህርት ነው፣ ሲሳካም በጣም ርካሽ ነው። መቆጣጠሪያ የሌለው፣ አምፖል በማጥፋትና በማብራት ብቻ የሚመራ ከሆነ ግን እንቁላል ማባከን ነው። ካርቶንና ትኩስ አምፖል አንድ ላይ ሆነው ሌሊት ሲያድሩ እሳትም ያስነሳሉ። እኔ አልመክረውም።

ጫጩት ገዝቶ ማሳደግ

ማስፈልፈል የማይገባቸው ሰዎች አሉ። እንቁላል ብቻ የሚፈልግ ሰው የ1 ቀን ጫጩት ወይም 45 ቀን የሞላው፣ ክትባቱን የጨረሰ ጫጩት ቢገዛ ይቀለዋል። የ45 ቀኑ ዋጋው ውድ ይመስላል፤ ግን አስቸጋሪው ጊዜ አልፎለታል። የትኛው ክትባት መቼ እንደተሰጠ ሻጩን ጠይቁ። ካላወቀ ሌላ ጋ ሂዱ።

ሁለቱን ማጣመር

እኔ አሁን የምሠራው በዚህ መንገድ ነው። ዶሮ መታቀፍ ስትጀምር እንቁላል አስታቅፋታለሁ። በዚያው ቀን ማሽኑን እጀምራለሁ። በ7ኛው ቀን ሁለቱንም በመብራት አይቼ፣ ከእሷ ሥር ባዶ የሆነውን አውጥቼ ከማሽኑ ሕይወት ባለው እተካለሁ። በ21ኛው ቀን ሁለቱም በአንድ ላይ ይፈለፈላሉ። በዚያው ማታ፣ ጨለማ ውስጥ፣ የማሽኑን ጫጩቶች አንድ በአንድ ከክንፏ ሥር አስገባለሁ። ጠዋት ሁሉንም ልጆቼ ብላ ትነሳለች።

ሁለት ጥንቃቄ አለው። ጫጩቶቹ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በላይ ከሆናቸው እሷም አትቀበላቸውም፣ እነሱም እናት አይሏትም። ቁጥሩም ከክንፏ አይብለጥ፤ በደጋ ብርድ 15፣ በሞቃት ቦታ 20 ይበቃል። ጠዋት ሲነጋ ተነስታችሁ እዩ። አንዳንዷ የማታውቀውን ቀለም ትነክሳለች፣ ያኔ ቶሎ መለየት ነው።

ሁለት ዶሮዎች ተቀራርበው ከታቀፉም ማሽን ሳይኖር ይሠራል። የሁለቱንም ጫጩት ለአንዷ ሰጥታችሁ ሌላዋን ብትለዩ፣ የተለየችው ቶሎ ወደ እንቁላል ትመለሳለች።

በአጭሩ ሲታይ

| መመዘኛ | ታቃፊ ዶሮ | ራሱ የሚገለብጥ ማሽን | የአምፖል ሳጥን | ጫጩት መግዛት | ማሽንና ዶሮ |
|---|---|---|---|---|---|
| መነሻ ወጪ | ትንሽ | ከፍተኛ | በጣም ትንሽ | እንደ ብዛቱ | ከፍተኛ |
| በአንድ ዙር | 10–13 እንቁላል | 48 እና ከዚያ በላይ | እንደ ሳጥኑ | የፈለጉትን ያህል | 15–20 ጫጩት በአንድ እናት |
| ለም እንቁላል | ያስፈልጋል | ብዙ ያስፈልጋል | ያስፈልጋል | አያስፈልግም | ያስፈልጋል |
| መብራት ቢጠፋ | አይነካትም | መጠባበቂያ ይፈልጋል | በጣም ይጎዳል | ለ1 ቀን ጫጩት ያሳስባል | ግማሹ ይድናል |
| የሰው ድካም በ21 ቀን | ትንሽ | መካከለኛ | ብዙ | የለም | መካከለኛ |
| ከዚያ በኋላ የሚያሞቀው | እናት | እናንተ | እናንተ | የ45 ቀኑ አይፈልግም | እናት |
| ጊዜውን የሚወስነው | ዶሮዋ | እናንተ | እናንተ | ሻጩ | ዶሮዋ |

ዋጋን በተመለከተ አንድ ስሌት ልስጣችሁ። የማሽን ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ቁጥር መጻፍ አይጠቅምም፣ ስሌቱ ግን አይለወጥም። አንድ ለም እንቁላል 20 ብር ነው እንበል። 48 እንቁላል 960 ብር ይሆናል። 30 ጫጩት ቢወጣ፣ መብራት ሳይቆጠር አንዱ በ32 ብር ወጣ ማለት ነው። ከ30ው 20 ብቻ ካደጉ አንዱ 48 ብር ደረሰ፣ ያውም መኖና ክትባት ሳይገባ። የማሽኑን ዋጋ ደግሞ በሕይወቱ ለምትሠሩት ዙር አካፍላችሁ ጨምሩበት። በዓመት ሁለት ዙር ብቻ ለሚሠራ ሰው ይህ ቁጥር አይጣፍጥም። ስድስት ዙር ለሚሠራ ያዋጣል።

የትኛው ለማን

ግቢ ውስጥ አራት አምስት የሀበሻ ዶሮ ላላት ቤተሰብ፣ ገንዘቡም ትንሽ ከሆነ፣ ታቃፊ ዶሮ። ምንም አትግዙ። ማሽን የምትገዙበትን ገንዘብ ለሽቦና ለጫጩት መኖ አውሉት፤ ከማንኛውም ማሽን የበለጠ ጫጩት ያተርፍላችኋል።

15 ወይም 20 ዶሮና ሁለት አውራ ዶሮ ያለው፣ ለጎረቤት ጫጩት መሸጥ የጀመረ ሰው፣ ራሱ የሚገለብጥ ማሽን ይግዛ። በመጀመሪያው ዙር ግማሹን ብቻ ይሙላ። የሀበሻ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ ለትልቅ እንቁላል የተሠራ መደርደሪያ ላይ ይንከባለላል፤ መካከሉን በካርቶን ቁራጭ ይደግፈው። ታቃፊ ዶሮዎቹንም አይጣላቸው።

ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ፣ ቤቱ ሰው የማይውልበት፣ የ45 ቀኑን ይግዛ። ጫጩት ቤት ውስጥ ዓይን የሚያይለት ይፈልጋል።

ጫጩት ሽያጭ ሥራዬ ይሁን የሚሉ ወጣቶች፣ ትንሹን ማሽን ለስድስት ወር መማሪያ አድርጉት። ትልቁን ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት የእንቁላል ምንጭና የመብራት መጠባበቂያ ይኑራችሁ። ብዙዎች በዚህ ቅደም ተከተል ስላልሄዱ ነው ማሽናቸውን የሚሸጡት።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ አይምርም። የፈንግል ክትባት ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ጠርሙሱ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነና ከተከፈተ ስለማይቆይ ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ በአንድ ቀን አስከትቡ። መጀመሪያው በሳምንቱ አካባቢ በዓይን ጠብታ ነው፣ ቀሪውን የአካባቢያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነግራችኋል።

የአክስቴ ልጅ ማሽኑን አልገዛችም። ከእናቴ ቤት ሁለት ዶሮና አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ወሰደች። አንደኛዋ እየጣለች ነው፤ ትናንት 9ኛውን እንቁላል በእርሳስ ምልክት አድርጋበት ፎቶውን ላከችልኝ። ጭዱን ከየት እንደምትገዛ ጠይቃኛለች፣ አመዱን እንዳትረሳ ነግሬአታለሁ።